አርባ ሁለት ሰከንድ

ከተማዋን ሚልክ ሪቨር ይሏታል፣ የወተት ወንዝ፤
ወተቱን ግን አላየሁም፣ ጭቃ አዝሎ ነው የሚጓዝ።
ከሌዝብሪጅ በማለዳ፣ በነፋስ እየተገፋሁ፣
የሽማግሌ ክላሰንን የእርሻ በር ከፍቼ ገባሁ።
ስንዴው ታጭዷል፤ የቀረው ጉቶ ጫማ ይበሳል፤
ነፋሱም እንደ ልማዱ ቆብ ለመንጠቅ ይሯሯጣል።

ኔታ ቀድማኛለች።
አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአያቷ መኪና ኋላ
ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ፣ በጥርሷ ሽቦ ትልጣለች።

ኮምፒውተሯ ይቺው ናት፦
አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ።
ካርዷን ኔታ በሙጫ አጣብቃዋለች፤
ባለፈው ወር ስትወነጨፍ ካርዱ ከጉያዋ አምልጦ
የበረራውን ወሬ ሁሉ ይዞ ቀረ፣ ሣር ውስጥ ሰምጦ።

ከጎኗ ሌላ አለ፣ «ደደቡ» የምንለው፣
አየር ሲሳሳና ሲወፍር፣ ይህን ብቻ የሚለየው።
እሷ ሺህ ነገር ታውቃለች፤ እሱ አንድ፣ እሱንም በጩኸት፦
ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ባሩዱ ተሰናድቷል ማለት።

«ለመንቃት አርባ ሁለት ሰከንድ ትፈጃለች» አለች ኔታ፣ አፈር ብላ።
«እኔ ይብሳል» አልኳት፣ «ያውም ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ።»

አምስት፣ አራት፣ ሦስት።
ክላሰን ከመኪናው አልወረደም፤ ሱፍ ይፈለቅቃል።
እሳቱ ቀድሞ ታየ፤ ድምፁ ደረታችን ላይ ደረሰ፤
ቀይ አፍንጫው ነጥብ ሆነ፣ ነጥቡም ሰማይ ውስጥ ፈሰሰ።

ጫፍ ላይ ደርሶ ዘንበል ሲል፣ ባሩዱ ጧ አለ፤
ደደቡ ሥራውን ሠራ፣ ጃንጥላው ተንጠለጠለ።
ብልኋ ግን በዚያች ድንጋጤ የባትሪዋ ገመድ ላላ፤
ጠፋች። ገመዱ መልሶ ነካት፤ «ሀ» ብላ ጀመረች፣ ሌላ።

እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፣ የሆስፒታሉን ሊፍት አውቃለሁ።
መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለበት ፎቅ ይጠፋዋል፤
አዋላጇ ብትቆጣም፣ ሐኪሙ ቁልፍ ቢደበድብ፣
ቀስ ብሎ ምድር ቤት ወርዶ፣ ታች ነክቶ ነው የሚያነብ።
ለሰሌዳዋ ይህን ነገር አላስተማርናትም።
ዓይኗን ስትገልጥ፣ አየር ላይ፣ በጃንጥላ ተንጠልጥላ፣
ያለችበትን ለካችና «ዜሮ» ጻፈች፣ መሬት ነው ብላ።

ከአጥሩ ማዶ አገኘናት። ደደቡ አሁንም ይጮኻል፦
ዘጠኝ ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ (አሥሩ ለዜሮ ነው)፤
ዘጠኝ መቶ አርባ ሜትር።

ኔታ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መዝገቡን ከፈተች።
ዜሮ። ሲቀነስ ስምንት። ሲቀነስ አሥራ ስድስት።
ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣
ሲቀነስ ስድስት መቶ አራት።
ከዚያ ሲቀነስ ስድስት መቶ አራት፣ ሲቀነስ ስድስት መቶ አራት፣
እስክናነሣት ድረስ።

«ውሸት ነው። ላጥፋው?»
«ተዪው» አልኳት። «አወራረዷን አልዋሸችም፤
እያንዳንዱ ሜትር ልክ ነው። መነሻዋን ነው የሳተችው።»

እኔም ዘመኔን የምቆጥረው ከተፋታሁ ወዲህ ነው፤
ግን ይህ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አይነገርም፤
ስለዚህ የላላውን ገመድ አሳየኋት፣
የት ጋ በሰም መታተም እንዳለበት።

ስንመለስ ሽማግሌው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።
«ስንት ደረሰ?»
«በአንዱ ቆጠራ ዘጠኝ መቶ አርባ ወደ ላይ» አለችው፣
«በሌላው ስድስት መቶ አራት፣ ከመሬትህ በታች።»
የሱፉን ልጣጭ ተፋ። ሁለት ክረምት በረዶ የራቀውን
እርሻውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣
«ታዲያ» አለ፣ «ውሃ አገኘች?»