ማሳሳት

ሰኔ ገባ። ቡሬ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣
አያ ማንደፍሮ በቆሎ ያሳሳል፣ ከወፍ ቀድሞ፣ ማልዶ።
ከአንድ ጉድጓድ ሦስት ሲበቅል ሁለቱን በጣቱ ይነቅላል፣
«ሁሉም ከቆመ» ይላል፣ «እሸቱን ማን ይበላል?»

እኔም እዚህ፣ አሥራ አንደኛ ሐ፣ ጠመኔ በጣቴ ይዤ፣
ያንኑ ማሳሳት ላስተምር፣ በባዕድ ቃል ገንዤ፦
አፖፕቶሲስ። ማለትም፣ የታቀደ የሕዋስ ሞት፣
ጥሪው ሲደርሰው ሕዋሱ፣ ራሱ የሚያጠፋው ሕይወት።

መዳፋችሁን ዘርጉ እላለሁ። ስልሳ እጅ ይነሣል ባንዴ።
ይህ ጣት ከጣት የተለየው በማን ነው? በቢላ እንዴ?
በማኅፀን ሳላችሁ ይህ መዳፍ መቅዘፊያ ነበረ፣
ጣት ከጣቱ ተጣብቆ፣ እንደ ዳክዬ እግር የታሰረ፤
መሐል የነበሩ ሕዋሶች ሞተው ነው ቦታ የለቀቁ፣
ሳይጮኹ፣ ቁስል ሳይተዉ፣ ጎረቤት ሳያስጨንቁ።
ልጆቹ ጣታቸውን ያያሉ። ከኋላ የሚስቅ አለ።
ምንይችል ግን እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ አልሞትም ያለስ ካለ?»

ደወሉ ተደወለ። እኔ ጥያቄው ውስጥ ቀረሁ፣
የጠመኔ አቧራ በቀሚሴ፣ የሰኔን ጭቃ ተሻገርሁ።

ልጄ ሰባቱን ደፍኗል። ይበልጣል ያለው አያቱ፣
በረንዳ ላይ አገኘሁት፣ ቆርኪ ሲደረድር ባንድ ጣቱ።
ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። ያውቃቸዋል ሳይቆጥር፣
አንዲት ብትጎድል ጩኸቱ ያልፋል የጎረቤት አጥር።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ጆሮውን ይዞ ይዞራል፤
ለኛ አንድ ድምፅ የሆነው፣ ለሱ ጠብ ጠቡ ይቆጠራል።

ባሕር ዳር ያለው ሐኪም «ኦቲዝም» አለ፣ በቀስታ።
አማቴ «ዓይን ነው»። ጎረቤት «ከናቱ ነው» አለ፣ ያልሰማሁ መስሎት፣ ማታ።
እኔ ሌሊት አነበብሁ፣ በስልኬ ጭላንጭል መብራት፦
ትርፍ ዘርቶ ነው አእምሮ፣ ኋላ የሚያሳሳው በሥርዓት።
አንዳንዶቹ ሲጽፉ፦ በአንዳንድ ልጅ ጥሪው ይዘገይ ይሆናል፣
መሄድ ያለባቸው ሳይሄዱ፣ ማሳው በቡቃያ ይደፈናል።
ሌሎቹ፦ የለም፣ ከኋላ፣ በትንሹ አንጎል ነው ነገሩ፣
መቆየት የነበረባቸው ናቸው ቶሎ የተጠሩ።
መጨረሻው ግን አንድ ነው፦ «ገና ይቀረዋል ጥናት»፣
እኔም እዚያች መስመር ላይ፣ ዶሮ ጮኸብኝ ስንት ሌሊት።

እንዴት ብዬ ለማን ልንገር? እናት ሆኜ፣ መምህር ሆኜ፣
በልጄ ራስ ውስጥ ሞት ጎደለ፣ ወይስ በዛ ልበል መዝኜ?

ቅዳሜ ማሳ ወሰድሁት። አያ ማንደፍሮ ሲነቅል፣
ይበልጣል ከኋላው፣ የተጣለውን እየለቀመ ሲከተል፣
በፈሩ ላይ ደረደረው፣ ሥሩን ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣
እኩል፣ አንዱ ካንዱ ሳይጠጋ፣ አንዱ ካንዱ ሳይራራቅ።
ሽማግሌው ቀና አለ፣ ጣቶቹ ጭቃ እንደያዙ፣
ወገቡን ደግፎ፣ ዝም ብሎ፣ አየው፣ አየው ብዙ።
ከዚያ አንዱን ጉድጓድ ዘለለ። ሦስቱንም ተዋቸው አብረው።
«ይቺ ለሱ» አለኝ። «ምን እንደምታፈራ እንየው።»

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ለምንይችል መልስ ይዤ ነበር፣
ጥርት ያለ፣ የሚጻፍ፣ ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር።
ግን «ማሳሳት» ብዬ ጽፌ፣ ቃሉን አየሁት ቆሜ፣
ማቅጠን ይሁን መንገድ ማሳት፣ ጠፋኝ ባነበው ደግሜ፤
ልጄን ሳስብ የምሳሳውም እዚያው ፊደል ውስጥ አደረ።
አንድ ሰው አሳለ። ጠመኔው በእጄ ተሰበረ።

ያንን ጥያቄ ምንይችል ደግሞ ጠየቀ፤ አልተወው።
«ይበልጣል» አልሁት። ክፍሉ የሒሳብ ነገር መሰለው።