በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ

እኔ ጸሐፊ ነኝ። የባዩ ክሌር ከተማ፣
በሉዊዚያና ጠረፍ፣ ምክር ቤቱ ሲያወራ ስሰማ፣
ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንደተቃወመ
እጽፋለሁ እንጂ፣ ማን ውስጡ እንደታመመ፣
ማን ደብዳቤ ይዞ እጁ እንደራደ
መዝገቡ ምን ገዶት፣ እሱ ቁጥር ለመደ።

ማክሰኞ ማታ ነው። አየር ማቀዝቀዣው
ከጥግ ያቃስታል፣ እንደታመመ ሰው።
ዜልሚር ኖኬን ቆመች፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
ሽሪምፕ ስትልጥ ኖራ የተላላጠ ጣቷ።
"ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነበረ" አለችን፣
"ዘንድሮ ስምንት ሺህ ከአራት መቶ ላኩልን።
ጣራው ያው ጣራ ነው፤ ባሌ የመታው ምስማር
እስካሁን አልላላም፤ ምንድነው የሚያስጨምር?
ባለፈው ማዕበል ስንት ሳንቲም ሰጡኝ?
ፎቶ አንሥተው ሄዱ፤ 'እንደውላለን' አሉኝ።
የጎረቤቴን ቤት 'ይሸጣል' ወሰደው፤
ሲሸጥ አላየሁም፤ ሣር ነው የወረሰው።
መድን የሚሉትን ሃያ ሰባት ዓመት
አዳኝ ነው ብዬ ነው በየወሩ የከፈልኩት።
አዳኝስ አዳኝ ነው፤ ስሙ አልዋሸኝም፤
አጋዘኗ እኔ መሆኔን ግን አልነገረኝም።"

ይህን አልጻፍኩትም። "ነዋሪዋ ቅሬታ አቀረቡ" አልኩ፣
በአንድ መስመር። መስመሩንም አጠበብኩ።

አልሲድ ቬርዲን ጉሮሮውን ጠረገ፤
"ደብዳቤ ይጻፍ!" ሲል ድምፁን ከፍ አደረገ።
ከንቲባዋ ሳቀች፣ ሳቅ ከተባለ እሱ፦
"አራት ጽፈናል አልሲድ፤ 'ደርሶናል' ነው መልሱ።
የኛ ሥልጣን ውሻ መመዝገብ፣ ጉድጓድ መድፈን፤
ዋጋውን እነሱ፤ የቦዩን ሣር እኛ እናጭዳለን።"
ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ ሳበች፤
ሦስት ቀን ይዛው ዞራ ዛሬ ነው የደፈረች፦
"'ይድረስ ለምክር ቤቱ፤ የአዳራሻችሁ ውል
ከመጪው ወር ወዲያ የማይታደስ ይሆናል።'"

ሁላችን ቀና አልን። ከኮርኒሱ ጥግ ላይ
አሮጌ ዝናብ ነበር፣ ካርታ መስሎ የሚታይ።
ጠረጴዛው እስከዚያ ድንበር ይመስለን ነበር፤
ለካስ ሁላችንም በዜልሚር ወንበር!

ከኋላ ቱየት ተነሣች፤ ከጀልባ ነው የመጣችው፤
ከኪሷ ቆልማማ ብረት አውጥታ ቀጭ አድርጋ ጣለችው፦
"ጣራን ከግድግዳ ያስራል፤ ዋጋው አንድ ዶላር።
ነፋስ ደብዳቤ አያነብም፤ የሚያውቀው ምስማር።"

የርችቱ ገንዘብ ነበረ፣ ለሐምሌ የተቀመጠ፤
"ርችቱ ይቅር" ያለው አልሲድ ነው፤ ሲል ድምፁ ተቆረጠ።
ፌርናን ብቻ እምቢ አለ፦ "ርችቱን ከሰረዝን
ማዕበሉ ሳይመጣ አስቀድመን ጠፋን።"
"አራት ደገፉ፣ አንድ ተቃወመ" ይህ በመዝገብ ሰፍሯል፤
የተቃወመው ሰው ግን መሰላሉን አውሷል።

ቅዳሜ ከዜልሚር ቤት ጀመርን። እኔም ወጣሁ፤
ብዕር የለመደ እጅ፣ አውራ ጣቴን መታሁ።
የባሏን ምስማር አየሁት፤ ዝጓል እንጂ አልላላም፤
"ይነቀል?" ብንላት "እሱ" አለች "አይነካም።"
ከጎኑ ሌላ መታን።

ዋጋው ይቀንስ ይሆን? አላውቅም። መድኑ
"ደርሶናል" ብሏል፣ አምስተኛው መሆኑ።
ዐሥራ አንድ ጣራ አስረናል፤ ሁለት መቶ ስድስት ቀርቷል፤
የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከወዲሁ ሞቋል።
ዜልሚር ከታች ሆና ምስማር ትቆጥራለች፤
"የአዳራሹስ ተራ መቼ ነው?" ትላለች።

ይህንን ጽፌዋለሁ። እንዳለችው፣ በሙሉ።