ባዶ ክብደት

ከሐረጎ ቁልቁል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
መብራት ይወርዳል፣ ሁለት፣ ደግሞ ሁለት።
ኮምቦልቻ መግቢያ፣ ከቆርቆሮ ቤቴ
ሚዛን እጠብቃለሁ፤ እሱ ነው ሹመቴ።
ሲኖትራኩ መጥቶ፣ ሚዛኑ ላይ ቆሞ፣
ማዳበሪያም ይሁን፣ ብረት ተሸክሞ፣
ሙሉውን ጽፌ፣ ባዶውን ቀንሼ፣
ማኅተሜን ረግጬ፣ ካርቦኔን መልሼ፣
«ይለፍ!» እላለሁ።
በቃ፣ ይኸው ነው ሥራዬ።

ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ከተማ፣ አራተኛ ክፍል፣
መምህር ይማም ጠየቁን፣ «ምን መሆን ታስባላችሁ?»
ፓይለት ያለ አለ፤ ዶክተር ያለ አለ፤
ሐይቁን ከነዓሣው ሊገዛ ያሰበም አልጠፋ።
እኔ «ጸሐፊ» አልኩ።
«ጎበዝ! ቢሮ ትገባለህ» አሉኝ።
ይኸው፣ ገባሁ።

ግን በሁለት መኪና መሐል የምትቀር፣
ማንም የማይመዝናት፣ ደሞዝ የማያውቃት
ግማሽ ሰዓት አለች።
እሷ የኔ ናት።

የተበላሸ ደረሰኝ አለኝ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ፤
ቁጥሩ የተዛነፈ፣ ካርቦኑ የሸሸው፣
ሒሳብ ክፍል «ይወገድ» ብሎ የፈረመበት።
ፊቱ አጥፍቷል እንበል። ጀርባው ምን አጠፋ?
በጀርባው ላይ እጽፋለሁ፦
ቦርከና በነሐሴ ድንጋይ ሲያንከባልል
ጥርሱን የሚያፋጭ ሽማግሌ ስለመምሰሉ፤
የአንድ ሾፌር ግራ ጫማ ቡኒ፣ ቀኙ ጥቁር ስለመሆኑ፣
እሱም በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ስላለመጨነቁ፤
በርበሬ ወንዝ ሰፈር፣ የእትዬ ዙባይዳ አህያ
በስሟ ካልጠሯት ንቅንቅ ስላለማለቷ።
ይኸን ይኸን።
ማን አዘዘኝ? ማንም።
እጄ ብዕር ሲይዝ ጆሮዬ ይግላል፣
ተደብቆ ማር እንደሚልስ ልጅ።

አለቃዬ ደምሌ አንድ ቀን አገኘው፤
አገላበጠና ብርሃን ላይ አየው።
«ለመሆኑ ይሄ ስንት ያወጣል?» አለ።
«እኔን ያወጣኛል» አልኩት።
ሳቀ። አልገባውም፤ ወይ ገብቶት ይሆናል።
ሲሄድ ግን ጠረጴዛዬ ላይ
አዲስ እስክሪብቶ ረስቶ ሄደ።

አንድ ሌሊት ጭር ሲል ካርቶኑን አቅፌ
ሚዛኑ መሐል አስቀመጥኩት፤
የስድስት ዓመት ጽሕፈት።
ሮጬ ገብቼ አየሁ፦ ዜሮ።
ይህ ሚዛን ከሃያ ኪሎ በታች አይቆጥርም።
ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጅብ እስኪሰማኝ።
ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ለካ
ይህን ያህል ክብደት ከላዬ የሚያነሣ!

ከዚያ ሙሄ መጣ፣ የተሳቢው ረዳት።
በስሕተት ሰጥቼው የተጻፈበትን፣
ባቲን አልፎ ሚሌ ድረስ ወስዶት ኖሮ፣
በዘጠነኛው ቀን አንገቱን በመስኮት አስገብቶ
«ጋሼ፣ አህያዋስ?» አለኝ።
«የቷ አህያ?»
«የወረቀቱ ጀርባ ላይ ያለችው! ከዚያስ ምን ሆነች?»

ከዚህ ወዲያ ተበላሸሁ።
ሳምንት ሙሉ ለሙሄ ጻፍኩ።
አህያዋን አስጌጥኳት፤ ምክር አስተማርኳት፤
ጦሳ ተራራ ላይ አውጥቼ አስፎከርኳት።
እሷ መናገር ስትጀምር እኔ ዝም አልኩ።
ጆሮዬ መጋሉን ተወ።

«አብሽር» አልኩት ራሴን፤ ያንን ሁሉ ቀደድኩ።
ወደ ቡኒው ጫማ፣ ወደ ቦርከና ተመለስኩ።
ሙሄ ዳግም ሲመጣ፣ «አህያዋ ደህና ናት፤
በርበሬ ወንዝ ሂድና በስሟ ጥራት» አልኩት።
«ስሟ ማነው?»
«እሱን ገና አልጻፍኩትም።»

መጽሐፍ አልመኝም ብል ዋሸሁ።
ሽፋኑን እንኳ መርጫለሁ፤ የካርቦን ሰማያዊ።
ደሴ ወጥቼ አንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ
ሁለት ጊዜ ቆሜ ተመልሻለሁ።
ሦስተኛው ይመጣል፤ አልቸኩልም።

ይኸው ከሐረጎ መብራት መጣ፤ ሁለት።
ጥሩምባው አንዴ ጮኸ፤ ደግሞ ይጮኻል።
ብረት ጭኖ ይሆናል፣ አርባ ቶን። ይቁም ትንሽ።
አንድ ቃል ቀርቶኛል፤
ከሱ ይከብዳል።