እስከ ሐሙስ

ብሩክስ፣ ከሌስተር ሱቅ፣ ቅዳሜ ረፋዱን፣
ጉንጬን አስደግፌ ለካሁት ሰደፉን።
ቃታው ሐሳብ ያውቃል፤ ጣቴ ሳይጠጋው፣
«እሺ» ያለኝ መሰለኝ። ስድስት ሺህ ነው ዋጋው፤
የበረዶ ጎማዬ፣ የልጄ ጥርስ ሽቦ፣
የአራት ወር ኪራይ አንድ ላይ ተሰብስቦ፤
በሥጋ ፋብሪካው
ስንት የሌሊት ሺፍት፣
ስንት የበሬ ብልት።

አሮጌው ጠመንጃዬ፣ በፕላስተር የታሰረ፣
ሁለት አጋዘን ጥሎ አንዱን ብቻ ማረ።
ማረ? የሳትኩት እኔ፤ ከሸለቆው ሮጬ ወጥቼ፣
እያለከለክሁ ጣቴን ለቃታ ሰጥቼ።

«ሌስተር፣ ከዚህ ጋራ ትንፋሽም አብሮ አለ?»
ሳቀ። «እስከ ሐሙስ ላቆይልህ?» አለ።

ሐሙስ ደሞዝ ነው።
ሁለት ፓኮ ጥይት ለአሮጌው ገዛሁ፤
ጉንጬ ላይ ግን ያንን ሰደፍ ይዤ ወጣሁ።