እጅ የማያስታውስ ድንጋይ

ማራኪ ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መብራት የሄደ ማታ፣
ጠረጴዛዬ በወረቀት ክምር ተረታ።
የስልኬን ባትሪ በጥርሴ ይዤ ቀይ እስክሪፕቶ አነሣሁ፤
አሥራ አንድ ዓመት ያረምሁበትን ልማድ ለአንድ ሌሊት ረሳሁ።

ፈተናው ሠላሳ ጥያቄ፤ አንድም ቁጥር የለበትም።
«መምህር፣ ፎርሙላው የታል?» አሉኝ፤ «የሚሰላ የለም?» «የለም።
ድንጋይ ሽቅብ ተወረወረ። ከእጅ ከወጣ በኋላ፣
ምን ይገፋዋል? ምን ይስበዋል? በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ
አልጠይቅም።»
             ቀላል መስሎኝ። ቀላል መስሏቸው።
በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ወጡ፤ ሳቅ ነበረ ፊታቸው።

አሁን ሳነብ፣
አንዱ «የእጄ ኃይል እየደከመ አብሮት ይወጣል» ይላል፤
አንዷ ዘንድ ጫፍ የደረሰ ድንጋይ ለአፍታ አርፎ ያስባል።
አንድም እጁ ተከትሎት ነው። አንድም ደክሞት ነው የቆመ።
እንደ መጻሕፍት ጉባኤ ሁሉም በየፊናው ተረጎመ፣
ላይ ቤት ታች ቤት ተከፍሎ በአንድ ጠጠር ላይ ከረመ።

ስቄ ነበር። ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤
ይህ ሁሉ ትርጓሜ ሦስት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበረ።
«ስንት ሜትር?» ስላቸው ኖርሁ፤ ስንት ሜትር ሰጡኝ አስልተው፤
«ለምን?» አላልኋቸውም እንጂ፣ ለምንማ ነበራቸው፣ ከቤት ይዘውት መጥተው።

ክምሩ ግርጌ የእንጉዳይ ወረቀት፤ ከወገራ የመጣች፣
ባለፈው ቀመር ጠፍቷት በአርባ ሁለት የወደቀች።
አንድ ቀስት ብቻ ሥላለች፣ ወደ ታች። አጠገቡ የጻፈችውን አየሁ፦
«ድንጋይ እጅ አያስታውስም።»
                        ባትሪው ከአፌ ወደቀ። በጨለማው ደገምሁ።

በነጋታው ቻላቸው መጣ፤ በማትሪክ ስሙ የተነበበ፣
ሦስቱን ሕግጋት እንደ ዳዊት በቃሉ ያነበነበ።
ያኔ ዘጠና ስምንት ነበረው፤ በዚህ ከሠላሳ ዘጠኝ።
ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «እርማቱ ስህተት ነው» አለኝ።

ጠመኔ አነሣሁ፤ ወደ ጣሪያው ወረወርሁና ያዝሁ።
«ጫፉ ላይ?» «ዜሮ።» «ምኑ?» «ሁሉም።» «ታዲያ ለምን ተመለሰ?» አልሁ።

ከመስኮቱ ማዶ ደወል ጮኸ። እሱ ግን መዳፉን አየ፤
ከዚያ የወጣ ነገር ካለ ሊያገኝ ፈልጎ ቆየ።
«እስቲ ይስጡኝ» ብሎ ተቀብሎኝ፣ ራሱ ወርውሮ ራሱ ያዘ።
ሦስቴ። አራቴ። ጸጉሩ በነጭ አቧራ ተያዘ።
«ስለዚህ…» አለ። አልጨረሰም። እኔም አልጨረስሁለትም።
ለዚያ «ስለዚህ» ስንት እንደሚሰጥ የመልስ ቁልፌ አያውቅም።

ማታ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ባጃጁ ድንገት ቀጥ ሲል፣
ግንባሬ የሾፌሩን ወንበር መታ፤ ደብተሬ ከጭኔ ሲንከባለል
ከአፌ አመለጠኝ፦ «ማን ገፋኝ?»
                           ሾፌሩ ዞሮ፣ «ማንም
አልገፋዎትም ጋሼ፤ እኔ ቆምሁ፤ እርስዎ አልቆሙም።»