አሥራ አራት ፎቅ

ሳልሚያ፣ ሌሊት። ሊፍት ውስጥ፣ እኔና ቆሻሻው።

በሩ ሲዘጋልኝ ጥርሴን አላቀቅኩት፤
ለካ ከማለዳ ነክሼው ነው የዋልኩት።
ትከሻዬም ወጥቶ ጆሮዬ ሥር ሰፍሯል፤
«ውረድ» አልኩት፣ «ቤትህ ታች ነው፤ ማን ጠርቶሃል?»

አሥራ አንድ ላይ ማዳም፣ «ማሪያ» እያለች ወረደች፤
(አንሻ ነኝ። ሦስት ዓመት ነገርኳት፤ መች ለመደች?)
ዘጠኝ ላይ ወንድሜ፣ የቆርቆሮ ዋጋ፤
«እልካለሁ» አልኩት፣ «ብቻ በሰላም ይንጋ።»
ስድስት ላይ ግን ትኩሳቱ፣ የዚያ የሰው ልጅ፣
ያልወለድኩት፣
አልወርድም አለ።
እሺ፤ ይዤው ወረድኩ።

ታች፣ ከረጢቱን ጣልኩ። አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ
ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ቢሆንም አራቴ ተነፈስኩ፣
በቀስታ።
ከዚያ አሥራ አራትን ተጫንኩ፤
ሊፍቱ ሲወጣ ትከሻዬ አብሮ እንዳይወጣ
በመዳፌ ያዝኩት።