በገመድ ያልተለካ

አባታችን ሲሞት፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ የማሾውን መሬት፣
ሽማግሌ ቆሞ በገመድ ለካልን፣ ለኔና ለእህቴ፣ ለየሺእመቤት።
ካስማው ሲመታ አየሁ፤ ገመዱ ሲወጠር፤
ስንዝር ሳይጎድልባት፣ ስንዝር ሳይተርፈኝ፣ ቆመ የኛ ድንበር።
“አንዲት ክንድ ተርፋለች፣” አሉ ዳኛው ኋላ፤
“ለሸዋፈራ ትሁን፣ ልጅ ይበዛበታል፣” ብላ ሰጠች እሷ፣ ካስማውን ነቅላ።

ጉድጓዱ የፈለቀ ቀን ወይፈን ታርዶ ነበር።
ፓምፑ ሰማያዊ፣ ውኃው ኩልል ያለ፣ ጠረን የሌለበት፤
ከሮቢ ድፍርስ ጋር፣ ከአልቅቱ፣ ከትሉ፣ ተለያየን ያልንበት።
አሥራ ሁለት ዓመት
ባንድ ጀሪካን ቀዳን፣ ባንድ ጣሳ ጠጣን።

ከዚያ ደረቷ ላይ
ካፊያ አቧራ መትቶ እንደሚተወው ዓይነት፣ ጠቆረ ነጠብጣብ።
ቀጥሎ መዳፏ ጠጠር አበቀለ፤ ተረከዟ ነቃ።
“የማጭድ ነው” አልን።
ማጭድስ እኔም ይዣለሁ።

ሽንኩርቷን የገዙ፣ ገበያ የዋሉ፣
ብሩን በእጇ ሳይሆን ጆንያው ላይ ጣሉ።
ቁምጥና ነው ያሉ ራቅ ብለው ቆሙ፤
መተት ነው የሚሉ ወደኔ ጠቆሙ፦
“አንድ ውኃ ጠጥተው፣ እሷን እንዲህ ሲያረግ፣
እሱን ምን አዳነው? የመሬቷን ድርሻ ሊወርስ ባይፈልግ?”

ከደብረ ብርሃን መጣች አንዲት ባለሙያ፤
ጥፍራችንን ቆርጣ፣ ሽንታችንን ቀድታ፣ ጉንጫችንን ጠርጋ፣
በበረዶ ሣጥን ይዛ ሄደች።
በሦስተኛው ወር፣ ከፓምፑ ሥር ተቀምጣ፦

“አርሰኒክ ይባላል። ከዓለቱ ነው፤ ማንም አላኖረው።
ጉበት ነው አጣቢው፤ መልኩን እየለወጠ በሽንት የሚያስወጣው።
ያንተ ጨርሶ ያጥባል።
የሷ ግን ይደክማል፤ ግማሽ ያደርስና ከመንገድ ይተዋል፤
ግማሽ የታጠበ መርዝ
ካልታጠበው ይብሳል።
የማንም ጥፋት አይደል። አንድ ፊደል ናት፣ በደም የወረደች፤
አንተን ደርሳሃለች፤ እሷን አልፋታለች።”

የአንድ ወንዝ ልጅ ነን፣ እያልን ስንምል፣
ወንዙ አንድ መሆኑ ለካ አያስተካክል።

የሰጠችኝን ክንድ ልመልስላት ብዬ፣ ካስማ ይዤ ሄድኩ።
ሳቀች።
“በማይጨብጥ እጅ ምን ላጭድበት?” አለች።
ጉበት ቢሆን ኖሮ፣
ዳኛ አስቀምጬ፣ ገመድ አስወጥሬ…

ፓምፑ ዛሬ ቀይ ነው፤ ሰንሰለት ታስሮበት።
ውኃው ከምንጭ ይመጣል፣ በአህያ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ።
የትርንጎ ጥፍር፣ የየሺ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ፣
በፖስታ ታሽጎ ሄዷል፤ ወሬው አልመጣም።
ጠዋት ጠዋት ከደጅ፣ ፀሐይ ሲፈነጥቅ፣ መዳፏን ዘርግቼ
አያለሁ።
ዘንድሮ ነው ትምህርት ቤት የገባችው።
“አጎቴ፣ ምንድን ነው የምታነበው?” ትላለች፤
“እጄ ላይ ፊደል አለ እንዴ?”
አልመልስላትም።
ለስላሳ ነው፣ ገና።